«ደመወዜ ዘገየ» የሚል ተማሪ የት ይሂድ?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ለዶክትሬት ትምህርት አሜሪካ የገባ ወጣት በነሐሴ ቤት ይከራያል። አከራዩ የመጀመሪያውን ወር ኪራይና መያዣውን በአንድ ላይ ይጠይቀዋል። ተማሪው የረዳት ተመራማሪነት ደመወዝ ተፈቅዶለታል፤ ነገር ግን በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያው ክፍያ እጁ የሚገባው አንድ ወር ከሠራ በኋላ ነው። እስከዚያው ምን ይብላ? ፕሮፌሰሩን እንዳይጠይቅ ያፍራል፤ የሒሳብ ክፍሉ «መመሪያው ነው» ይለዋል።

እንዲህ ያለውን ጉዳይ ተቀብሎ የሚከራከርለት በድኅረ ምረቃ ተማሪዎች መማክርት ውስጥ የተመረጠው የተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊ ነው።

ይህን ኃላፊ ከተማሪዎች ዲን ጋር ማምታታት አይገባም። ዲኑ የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ነው። ኃላፊው ግን ራሱ ተማሪ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ይመረጣል፣ ቀን ቤተ ሙከራ ውሎ ማታ ስብሰባ ይገባል። የዩኒቨርሲቲውን ገንዘብ አያዝም። ጉልበቱ የጤና መድን፣ የመኖሪያ ቤት፣ የትራንስፖርትና የሕፃናት ማቆያ ጉዳይ በሚመከርባቸው ኮሚቴዎች ውስጥ ተማሪውን ወክሎ መናገሩ ነው።

ሥራው ከማዳመጥ ይጀምራል። «ደመወዜ ዘገየ» ያለው አንድ ሰው ቢሆንም ኃላፊው የሌሎች ትምህርት ክፍሎችን ተወካዮች ይጠይቃል፣ መጠይቅ ይበትናል፣ ስንት ተማሪ ስንት ቀን እንደጠበቀና ምን ያህል እንደተበደረ ይመዘግባል። ከዚያ መማክርቱ የውሳኔ ሐሳብ ያጸድቃል። ዲኑ ፊት የሚቀርበው ቁጥር ያለው ጥያቄ ከነመፍትሔው ነው፦ ለአዲስ ገቢዎች ቅድሚያ ክፍያ ወይም ያለ ወለድ ብድር።

ከሁሉ የሚከብደው ከአማካሪ ጋር የሚፈጠር አለመግባባት ነው። የዶክትሬት ተማሪ ደመወዝ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከፕሮፌሰሩ የምርምር ገንዘብ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያጸድቁለትም፣ ለሥራ የሚመሰክሩለትም እሳቸው ናቸው። የውጭ አገር ተማሪ ከሆነ ትምህርቱ ሲቋረጥ ቪዛውም ይናጋል። ስለዚህ በደሉን ውጦ ይቀመጣል። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች መማክርቱ እ.ኤ.አ. በ1953 በተቋቋመበት በኤም.አይ.ቲ. ዩኒቨርሲቲ፣ ተማሪዎች ለውጥ ሲጠይቁ ቆይተው በ2021 አማካሪ ለሚቀይር ተማሪ የአንድ ሴሚስተር ድጋፍ ዋስትና ተሰጠ። አራት ወር የሚያኖር ገንዘብ ያለው ሰው በደል ከበዛበት ቤተ ሙከራ መውጣት ይችላል።

የአእምሮ ጤናም ሌላው አጀንዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 «ኔቸር ባዮቴክኖሎጂ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከ26 አገሮች 2,279 ሰዎችን፣ በአብዛኛው የዶክትሬት ተማሪዎችን፣ ጠይቆ 39 በመቶ የሚሆኑት ከመካከለኛ እስከ ከባድ የድብርት ምልክት እንዳለባቸው አሳይቷል።

አንዳንዴ ጉዳዩ ከግቢው አጥር ያልፋል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት በረዳትነት ለሚሠሩ ተማሪዎች የሚቀነስላቸው የትምህርት ክፍያ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ግብር እንዲከፈልበት የሚያደርግ ረቂቅ አሳለፈ። ተማሪው እጁ ላልገባ ገንዘብ ግብር ሊከፍል ነበር። በመላ አገሪቱ ተማሪዎች ተሰለፉ፣ ለእንደራሴዎቻቸው ደወሉ፤ በታኅሣሥ የተፈረመው ሕግ ያንን አንቀጽ አልያዘም።

ኃላፊው ጠበቃ ወይም ሐኪም አይደለም፤ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ለሚመለከተው ባለሙያ ይመራል። ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አሜሪካ የምትሄዱ ወጣቶች ሆይ፣ በመጀመሪያው ሳምንት የባንክ ሒሳብ ስትከፍቱ የዚህን ኃላፊ ስምና አድራሻም ያዙ። ችግር ሲገጥማችሁም ሳይውል ሳያድር ንገሩት።