አንገቷ እየቀጠነ የሄደ ንግሥት

ባለቤቴ ለሥራ ወደ ታይዋን ሲላክ እኔም አብሬው ሄጄ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከዋና ከተማዋ ከታይፔ በአውቶቡስ ተሳፍረን፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ተጉዘን በሰሜኑ የባሕር ዳርቻ ወደሚገኘው የዬሊዩ መናፈሻ ደረስን። ቦታው እንደ ምላስ ወደ ባሕር የገባ፣ 1.7 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የድንጋይ መሬት ነው። መናፈሻ ሲባል አበባና ሣር የጠበቀ ሰው ግን ያፍራል፤ እኔም አፍሬአለሁ።

እዚያ ያለው ድንጋይ ነው። ግን ምን ዓይነት ድንጋይ! ከሰው ቁመት የሚበልጥ እንጉዳይ፣ የዝንጅብል ሥር የሚመስል፣ በቢላ የተቆራረጠ የሚመስል፣ ሌላው ደግሞ አንድ እግሩ የጠፋበት ነጠላ ጫማ። ወለሉ ላይ ጎንበስ ብላችሁ ብታዩ በድንጋይ ውስጥ የቀሩ የባሕር ፍጥረታት ቅሪት ታገኛላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ በባሕር ወለል ላይ የተከማቸው አሸዋ ጠንክሮ ድንጋይ ሆነ። አንዳንዱ ቦታ በኖራ ተጣብቆ ጠነከረ፤ ሌላው ልል ሆኖ ቀረ። ምድሪቱ ከታች ተገፍታ ከውኃው ስትወጣ ማዕበል፣ ዝናብና ነፋስ ልሉን እየበሉ ጠንካራውን ከላይ ተዉት። እንጉዳዩ ራሱ ሰፊ፣ አንገቱ ቀጭን የሆነው ለዚህ ነው።

ከሁሉ የምትታወቀው «የንግሥት ራስ» የምትባለው ናት። ከጎን ስትታይ ጸጉሯን ከፍ አድርጋ የጠቀለለች፣ በአገራችን አንገተ ብርሌ የምንላት ዓይነት ሴት ትመስላለች። ነገር ግን የሠራት ነፋስና ውኃ አንገቷን ዛሬም ያቀጥነዋል። አንድ ቀን መውደቋ አይቀርም ተብሎ አምሳያዋ በመግቢያው አጠገብ ቆሟል። በኬሚካል ትጠናከር የሚሉና ተፈጥሮ የሠራውን ተፈጥሮ ይጨርሰው የሚሉ ወገኖች ለዓመታት ተከራክረዋል። እኛም ፎቶግራፍ ለመነሣት በቆምንበት ረጅም ወረፋ ላይ ተከራከርን። እኔ ትደገፍ አልኩ። እሱ ግን፣ «ተደግፋ የቆመች ንግሥት ምኑን ንግሥት ናት?» አለ። አልተስማማንም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባልጽፈው ባለቤቴ ደስ ይለው ነበር። በዳርቻው መሬት ላይ ቀይ መስመር ተሠምሯል፤ ከዚያ ማለፍ ክልክል ነው። እሱ እኔን ከነማዕበሉ ፎቶ ሊያነሣ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እያለ መስመሩን አለፈ። ጠባቂው ፊሽካውን ነፋ። ባለቤቴ ተመለሰ እንጂ ፊቱ ጠቁሮ ነበር፤ «ሁለት እርምጃ ናት እኮ!» እያለ አጉረመረመ።

ጥቂት እንደሄድን ከአንድ የሰው ሐውልት ፊት ደረስን። ሊን ቲየን ቼን የሚባል የአካባቢው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 አንድ ተማሪ ባሕር ውስጥ ወደቀ፤ ሊን ሊያወጣው ዘሎ ገባ። ሁለቱም ሞቱ።

ባለቤቴ ታሪኩን ሲሰማ ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ወደ አውቶቡሱ እስክንመለስ ድረስ በእኔ ግራ፣ በባሕሩ በኩል ሄደ፤ እኔም እጁን አልለቀቅኩም።

ከንግሥቲቱ ጋር የተነሣነው ፎቶ ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅሏል። እኔ ዐይኔን ጨፍኜአለሁ።