«ሞት» የሚባሉት እንግሊዛውያን

በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በተለይ በሰፎክና በኤሴክስ፣ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ አንድ ብርቅ የቤተሰብ ስም አለ፦ ዴዝ። ቃሉ እንዳለ ሲተረጎም «ሞት» ነው። አንዳንድ ባለስሞች ግን መሐሉ ላይ ጭረት ጣል አድርገው «ዲ-አዝ» ይሉታል።

ይህ ጭረት አንድ ተረት ወልዷል። ዛሬ ቤልጅየም ውስጥ አት የምትባል ከተማ አለች፤ ስለዚህ ስሙ በፈረንሳይኛ «የአት ሰው» ማለት ነው፣ ቤተሰቡም ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው ይባላል። ታሪኩ ያምራል፤ ማስረጃ ግን የለውም። በድሮ መዛግብት ስሙ «ዴት» ወይም «ዴተ» ተብሎ ባንድ ቃል ነው የተጻፈው፤ ለሁለት የተከፈለው ኋላ ነው። በኬንት የሚኖር አንድ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1716 የባሮኔትነት ማዕረግ ሲያገኝ ስሙን የሚጽፈው ፈረንሳይኛ በሚመስል ፊደል ነበር።

ወረርሽኝ ወይም ቀብር ቆፋሪነት ያመጣው ስም ነው የሚሉም አሉ። እሱም አይደለም። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ «ንጉሥ» ወይም «ጳጳስ» የሚባል ገበሬ ሞልቶ ነበር፤ በአደባባይ ትርዒት ላይ በተጫወተው ሚና የወጣለት ቅጽል ስም እየሆነ። ሞትም እንዲህ ያለ ሚና ነበር። ከስሙ ቢዘገይም፣ ኤን-ታውን በተባለው የ15ኛው ክፍለ ዘመን የምሥራቅ እንግሊዝ ተውኔት፣ ሄሮድስ ሕፃናቱን አስፈጅቶ ድግስ ላይ ሲንደላቀቅ ሞት ራቁቱን፣ ትል እየበላው ይገባና ንጉሡን ከሁለት ወታደሮቹ ጋር ይገድላል። እንዲህ ያለ ሚና የተጫወተን ሰው መንደሩ በሚናው ስም ቢጠራው አያስገርምም።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን ሌላው ምንጭ ነው። በጥንታዊ እንግሊዝኛ ከሞት ጋር ዝምድና የሌለው፣ ማገዶንና እሳት ማያያዣን የሚያመለክት «ዲዝ» የሚል ቃል ነበር፤ በኤሴክስና በኬንት አነጋገር ድምፁ ወደ «ዴዝ» ያደላል። ክብሪት እንግሊዝ ውስጥ ለገበያ የቀረበው በ1827 ነው። ከዚያ በፊት ባልጩትን ከብረት አጋጭተው ፍንጣሪውን የሚቀበል ደረቅ ነገር ካላዘጋጁ እሳት አይያዝም፤ ጎሕ ሳይቀድ ተነስታ ምድጃ ለምታነድ ሴት፣ ያን ደረቅ ነገር የሚያቀርበው ሰው የቤት ባለውለታ ነበር። ከባለስሞቹ ጥቂት የማይባሉት የዚህ ሰው ልጆች ሳይሆኑ አይቀሩም።

አጠራሩስ? ዶሮቲ ሴየርስ በ1933 ባሳተመችው ልብ ወለድ ጀግናዋ ሎርድ ፒተር «ዴዝ» በሚለው መካከለኛ ስሙ ተደብቆ በማስታወቂያ ድርጅት ይቀጠራል፤ ብዙ ሰው «ዲዝ» ብሎ አስረዝሞ እንደሚጠራውም ይናገራል። ይህን አጠራር ብዙዎች የኀፍረት መሸፈኛ አድርገው ያዩታል። ነገር ግን «ሞት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ራሱ በጥንት ዘመን አናባቢው ረጅም ነበር፤ ያጠረው ኋላ ነው።