«ማንም አያውቀኝም»
ለከተማው አዲስ ለሆናችሁ ወጣቶች



ሶሲዮሎጂ ተምሬ እንደተመረቅኩ የመጀመሪያ ሥራዬን ያገኘሁት ደብረ ብርሃን ነው። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ብትርቅም ለእኔ ሌላ ዓለም ነበረች። ከአውቶቡስ የወረድኩት ሲመሻሽ ነው። ደብረ ብርሃንን የሚያውቅ ሰው ብርዷን ያውቃል፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ መሆኗ አለነገር አይደለም አልኩ በልቤ። የማውቀው ሰው አልነበረም። ዘመድ የለ፣ ጓደኛ የለ።

ሻንጣዬን ይዤ መናኸሪያው በር ላይ ስቆም ሁለት ስሜት በአንድ ጊዜ መጣብኝ። አንደኛው ደስታ ነው፤ «እዚህ ማንም አያውቀኝም፤ እንደፈለግኩ ብሆን ማን ይናገረኛል?» ሁለተኛው ፍርሃት ነው፤ «እዚህ ማንም አያውቀኝም፤ ዛሬ ማታ አንድ ነገር ብሆን ማን ይፈልገኛል?» ልብ በሉ፤ ነፃነቱም ፍርሃቱም የመጡት ከአንድ ቃል ነው፦ «ማንም አያውቀኝም»።

በዚህ ጽሑፍ ላወያያችሁ የፈለግኩት ስለዚህ ቃል ነው። ምክንያቱም ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ይህን ስሜት ታውቁታላችሁ። በገጠር ቀበሌያችሁ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለሌለ 9ኛ ክፍል ስትገቡ ወደ ከተማ መጥታችሁ ቤት ተከራይታችሁ የምትኖሩ አላችሁ። አርብ ከሰዓት ወደ ቤት፣ እሑድ ማታ በሶና ቆሎ፣ ድርቆሽና ሽሮ ተሸክማችሁ ወደ ከተማ። ሌሎቻችሁ ደግሞ ነገ ለዩኒቨርሲቲ ወይም ለሥራ ማንም ወደማያውቃችሁ ከተማ ትሄዳላችሁ።

አጥሩ የት ሄደ?

«ከተማ ልጅ ያበላሻል» ሲባል እንሰማለን። እኔ በዚህ አልስማማም። ከተማ ትምህርት ቤት ነው፣ ጤና ጣቢያ ነው፣ የእንጀራ በር ነው። የሚጎዳን ከተማው ሳይሆን ትተነው የመጣነው ነገር ነው።

በሰፈራችሁ ስትኖሩ ስንት ዓይን ያያችሁ እንደነበር አስቡ። አምሽታችሁ ብትመጡ እናት ትጠይቃለች፤ ከማታውቁት ሰው ጋር ብትቆሙ የጎረቤት ሴትዮ ለእናት ትናገራለች። ብትታመሙ ሳትናገሩ ይታወቃል። «አቤት ይሄ ወሬ!» ብለን የተማረርንበት ይህ ዓይን ለካ አጥርም ኖሯል። ፈረንሳዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ኤሚል ዱርኬም እ.ኤ.አ. በ1897 ባሳተመው ጥናቱ ሰውን ከጉዳት ከሚጠብቁት ነገሮች አንዱ ከሌሎች ሰዎች ጋር ያለው ትስስር መሆኑን አሳይቷል። የእኛ ሰው ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ብሎታል።

ለከተማ አዲስ የሆነ ሰው በአንድ ቀን ሦስት ነገር ያጣል። የሚያየው ዓይን፣ የልቡን የሚሰማው ጆሮ፣ ሲቸግረው የሚደርስለት እጅ። ባዶ ቦታ ደግሞ ባዶ ሆኖ አይቀርም። እኛ በደህና ሰው ካልሞላነው ሌላ ሰው ይሞላዋል።

ውለታ የሚባል ወጥመድ

በእኔ የደረሰውን ልንገራችሁ። በመጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ከእኔ በዕድሜ በጣም የሚበልጥ አንድ ሰው ተዋወቀኝ። የምከራየውን ቤት ፈልጎ አገኘልኝ። አልጋና ምድጃ አስጭኖ አመጣልኝ። ማታ ማታ እራት ይጋብዘኝ ጀመር። «ብቻሽን ነሽ አይደል? አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ» ይለኝ ነበር። እውነቱን ልናገር፦ ደስ ብሎኝ ነበር። ከሥራ ወጥቼ የማናግረው ሌላ ሰው አልነበረኝማ!

አንድ ቅዳሜ ማታ ግቢው በር ድረስ ሸኝቶኝ «ብርድ ነው፣ ልግባና እንጫወት» አለኝ። አልፈለግኩም። ግን «አይሆንም» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለ። ለምን? ቤቱን ያገኘልኝ እሱ፣ አልጋውን ያመጣልኝ እሱ። ያን ሁሉ ያደረገልኝን ሰው እንዴት ላስቀይመው? ስለ ኤች.አይ.ቪ ሌላውን የማስተምር፣ ዲግሪ የያዝኩ ሰው ነኝ እኮ! ዕውቀት ነበረኝ፤ የጎደለኝ ከኋላዬ የሚቆም ሰው ነው።

ያዳኑኝ አከራዬ ናቸው። በሩን ከፍተው ወጡና «ልጄ፣ እስካሁን የት አመሸሽ? ቡናው ቀዘቀዘ እኮ!» አሉኝ። ቡና አልነበረም። ሰውየው «ደህና እደሩ» ብሎ ሄደ። በማግስቱ ቡና አፍልተው ጠሩኝና «አንቺ ልጅ፣ ብቻዬን ነኝ ብለሽ ለሁሉ ሰው አትናገሪ። ጠያቂ አላት ይበሉሽ» አሉኝ። ከአራት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ይልቅ ያቺ ጠዋት ብዙ አስተማረችኝ።

38 ሰዓት

ሁሉም በር ላይ የሚጠብቀው ሰው የለውም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ወደ ቢሮዬ መጣች። ታሪኳን የምጽፈው በፈቃዷ ነው፤ ማንነቷ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ።

16 ዓመቷ ነው። ከገጠር መጥታ ከአንዲት ደባሏ ጋር ትኖራለች። ከቤት ያመጣችው ስንቅ ረቡዕ ላይ ያልቅባታል። በሰፈሩ ያለ አንድ ባለሱቅ ሳሙናውንም፣ ዘይቱንም፣ ደብተሩንም በዱቤ ይሰጣት ነበር። «ግድ የለም፣ ስታገኚ ትከፍያለሽ።» ዱቤው ተጠራቀመ። አንድ ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት ላይ «ነይና ሒሳባችንን እንተሳሰብ» ብሎ ጠራት። ሱቁን ከውስጥ ዘጋ። የሆነው ሆነ፤ ያለ ፈቃዷ፣ ያለ ኮንዶም።

እሑድን አልቅሳ ዋለች። ለእናቷ እንዳትነግር ትምህርቷን ያስቋርጧታል ብላ ፈራች። ማታ ላይ ለደባሏ ነገረቻት። ደባሏ የትምህርት ቤቱ ፀረ ኤድስ ክበብ አባል ነበረች፤ እዚያ የተማረችውን አንድ ነገር አልረሳችም፦ 72 ሰዓት። ሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ እጇን ይዛ አመጣቻት። ቆጠርኩ፤ 38 ሰዓት ሆኗል። ተነስተን ወደ ሆስፒታል ሮጥን።

ይህን ቁጥር ሁላችሁም ያዙት። አንድ ሰው ተገዶ ቢደፈር ወይም በሌላ መንገድ ለቫይረሱ ቢጋለጥ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ቫይረሱ በሰውነቱ ውስጥ ሥር እንዳይሰድ የሚከላከል መድኃኒት አለ። በቶሎ በተጀመረ ቁጥር የተሻለ ይሠራል፤ ስለዚህ «ገና ጊዜ አለኝ» ተብሎ አይጠበቅም። መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ያልተፈለገ እርግዝናን የሚከላከል ድንገተኛ መከላከያ ደግሞ እስከ 5 ቀን ድረስ ይሰጣል፤ እሱም ቢፈጥን ይመረጣል። ለሕግ ማስረጃ እንዲሆን ሰውነትን ሳይታጠቡና የለበሱትን ልብስ ሳያጥቡ መሄድ ጥሩ ነው። ታጥባችሁ ከሆነም ግን አትቅሩ፤ ሂዱ።

በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ለአካለ መጠን ባልደረሱ ልጆች ላይ የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ድርጊትን በከባድ ወንጀልነት ይቀጣል። አንድ ትልቅ ሰው ከ16 ዓመት ልጅ ጋር ይህን ፈጽሞ «ፈቅዳ ነው» ቢል አያመልጥም። «በዱቤ ወስዳለች» ማለትማ ጭራሽ መከላከያ አይሆንም።

ልጅቷ 28ቱንም ቀን መድኃኒቷን ወሰደች። አንዳንድ ቀን ያቅለሸልሻት ነበር። ደባሏ ሰዓቱን እየጠበቀች ታስታውሳታለች። ከ3 ወር በኋላ ተመርምራ ከቫይረሱ ነፃ መሆኗ ተረጋገጠ። ጉዳዩም ወደ ሕግ ሄደ። ትምህርቷን አላቋረጠችም።

ለወንዶቹስ?

«ይሄ የሴቶች ጉዳይ ነው» የምትል ወንድሜ፣ ቆይ። ብቸኝነት አንተንም ያገኝሃል። ከትምህርት በኋላ ባዶ ክፍል፣ ቀዝቃዛ አልጋ። አንድ ቀን የሰፈር ልጆች «ና እንጂ፣ ምን ትቆዝማለህ?» ይሉሃል። መጀመሪያ ጫት፣ ቀጥሎ «ምርቃናውን ለመስበር» አረቄ፣ ከዚያ በእኩለ ሌሊት «ወንድ አይደለህም እንዴ?»። ሰክሮ ኮንዶም የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ያነጋገርኳቸው ብዙ ወጣቶች መጀመሪያ የፈለጉት ሴትም መጠጥም አልነበረም፤ አብሯቸው የሚቀመጥ ሰው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑት መካከል ቫይረሱ በደማቸው የሚገኘው በገጠር 0.4 በመቶ፣ በከተማ ግን 2.9 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። ይህ የከተማ ሰው ክፉ ነው ማለት አይደለም። ነገር ግን በገጠር የለመድነው ግዴለሽነት ከተማ ውስጥ የበለጠ ዋጋ ያስከፍላል ማለት ነው።

በመጀመሪያው ወር የሚሠሩ ሥራዎች

• አከራያችሁን ተዋወቁ። ስትወጡ «እዚህ ነኝ»፣ ስትመለሱ «መጣሁ» በሉ። ቡና ሲጠሯችሁ «ጥናት አለብኝ» ብላችሁ ሁልጊዜ አትቅሩ። ያ ሲኒ አጥር ነው።

• ብትቀሩ የሚፈልጓችሁ ሦስት ሰዎች ይኑሯችሁ። አንድ ጎረቤት፣ አንድ የክፍል ጓደኛ፣ አንድ መምህር። ስልካቸውን በወረቀትም ጻፉት፤ የሞባይል ባትሪ ያልቃል።

• ከደባላችሁ ጋር ሕግ አውጡ። ማን መቼ ይገባል? እንግዳ ይመጣል ወይስ አይመጣም? መጀመሪያ ስትነጋገሩበት ቀላል ነው፤ ከተጣላችሁ በኋላ ይከብዳል።

• ስንቃችሁን በቀን አካፍሉት። ከጓደኞቻችሁ ጋር አብራችሁ ብታበስሉ ይበረክታል። ካነሰ ደግሞ ለቤተሰብ ወይም ለክፍል ኃላፊ መምህር ንገሩ። መቸገር አያሳፍርም።

• ውለታን መርምሩ። ደህና ሰው በሰው ፊት ይረዳል። «ለማንም እንዳትናገሪ»፣ «ማታ ብቻሽን ነይ» የሚል ውለታ ውለታ አይደለም፤ ዱቤ ነው። የተደረገላችሁ ምንም ይሁን ምን፣ በሰውነታችሁ የምትከፍሉት ዕዳ የለባችሁም።

• ጤና ጣቢያውን ሳትታመሙ እወቁት። የምክርና ምርመራ አገልግሎቱ የት እንደሆነ ጠይቁ። መታቀብ የሚችል ይታቀብ፤ ግንኙነት የጀመረ ከአንድ ከተመረመረ ጓደኛ ጋር ይወሰን፤ ኮንዶምንም በትክክልና ሁልጊዜ ይጠቀም።

• ፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት የምትወስዱ ወጣቶች፣ ከመሄዳችሁ በፊት ከምትከታተሉበት ጤና ተቋም የዝውውር ወረቀት ያዙ። «አዲስ ቦታ ያዩኛል» ብላችሁ መድኃኒቱን እንዳታቋርጡ። በትክክል ወስዶ የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ የደረሰና በዚያው የቆየ ሰው ቫይረሱን በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ አያስተላልፍም፤ ጤነኛ ሆኖ ይማራል፣ ይሠራል፣ ይወልዳል።

የከተማው ልጆች፣ እናንተስ?

እስካሁን ያወራሁት ለመጤው ነው። አሁን ግን ከተማው ውስጥ ለተወለዳችሁት። በክፍላችሁ የኋላ ወንበር ላይ ብቻውን የሚቀመጥ፣ በእረፍት ሰዓት ግድግዳ ተደግፎ የሚቆም፣ አነጋገሩ «የገጠር ነው» ተብሎ የሚሳቅበት ልጅ አለ አይደል? ያን ልጅ «ስምህ ማነው? የት ነው የምትኖረው?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አይጠይቅም። እናንተ ካልቀረባችሁት ያ ባለሱቅ ይቀርበዋል። ክበባችሁም ፖስተር ከመለጠፍ ባሻገር በየመስከረሙ አዲስ የሚመጡ ተማሪዎችን ተቀብሎ ከተማውን ቢያሳይ፣ ጤና ጣቢያው ድረስ አብሮ ቢሄድ ትልቅ ሥራ ነው።

ያቺ ተማሪ ዛሬ 11ኛ ክፍል ናት። በዚህ ዓመት መስከረም ከደባሏ ጋር ሆነው ከአገራቸው የመጡ ሦስት የ9ኛ ክፍል ልጆችን ቤት አፈላልገውላቸዋል። ከኪራዩ ዋጋ በፊት የጠየቁት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «አከራይዋ ግቢ ውስጥ ይኖራሉ ወይ?»

ሰው መድኃኒቱ ሰው ነው። ቸር እንሰንብት!