ደም የሚረጋበት ጊዜና የሙቀት መጠን

ጣታችንን ቢላ ሲቆርጠን ደሙ ጥቂት ፈስሶ በራሱ ይቆማል። በጽኑ ሕሙማን ክፍል በተኛ ሰው ላይ ግን ይህ ሥርዓት ሊዛባ ይችላል። በከባድ ኢንፌክሽን ወይም አደጋ ሳቢያ ደም በጥቃቅን የደም ሥሮች ውስጥ ያለቦታው ሲረጋ፣ ለመርጋት የሚያስፈልጉት ፕሮቲኖችና ፕላትሌቶች ያልቃሉ። ሕመምተኛውም መርፌ ከተወጋበት ቦታ ሳይቀር ይደማል። ይህ እንዴት ይታወቃል? በዚህ ጽሑፍ የምርመራውን ፊዚክሳዊ ገጽታ ለማየት እንሞክራለን።

ከዋነኞቹ ምርመራዎች አንዱ አርማንድ ክዊክ እ.ኤ.አ. በ1935 ያስተዋወቀው «ፕሮትሮምቢን ታይም» ነው። ዘጠኝ እጅ ደም ከአንድ እጅ ሲትሬት ጋር ይቀላቀላል፤ ሲትሬቱ ካልሲየምን ስለሚይዝ ደሙ ሳይረጋ ይቆያል። ከዚያም ፕላዝማው ተለይቶ እስከ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል። ካልሲየምና መርጋትን የሚያስጀምር ንጥረ ነገር ሲጨመርበት የጊዜ ቆጠራው ይጀመራል። የፋይብሪን ክሮች ሲፈጠሩ ፕላዝማው ይደፈርሳል፤ የሚያልፈውም ብርሃን ሲቀንስ መሣሪያው ቆጠራውን ያቆማል። በጤነኛ ሰው ይህ ከ11 እስከ 14 ሴኮንድ ገደማ ይፈጃል። ሐኪሞች በዚህ ብቻ ሳይወሰኑ የፕላትሌትና የፋይብሪኖጅን መጠንንም ደጋግመው ያያሉ።

37 ዲግሪ ለምን ተመረጠ? የጤነኛ ሰው የሰውነት ሙቀት ስለሆነ ነው። መርጋት በኤንዛይሞች የሚካሄድ በመሆኑ ቅዝቃዜ ያዘገየዋል። ችግሩም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው በአርሲዋ ሮቤ አንድ ሰው የመኪና አደጋ ደርሶበት ሌሊቱን በደጋው ብርድ ደጅ አሳለፈ እንበል። ሙቀቱ ወደ 33 ዲግሪ ወርዷል። ደሙ ላቦራቶሪ ደርሶ 37 ዲግሪ ሲሞቅ ውጤቱ «13 ሴኮንድ፣ ደህና» ሊል ይችላል፤ ሰውየው ግን መድማቱን አላቆመም። መሣሪያው አልዋሸም፤ የመለሰው ስለሞቀው ፕላዝማ እንጂ ስለቀዘቀዘው ሰው አይደለም።

ተቃራኒ ስሕተትም አለ። መሣሪያ በሌለበት፣ በተለይ ለእባብ ንድፊያ፣ ጥቂት ደም በንጹሕና ደረቅ የብርጭቆ ቱቦ 20 ደቂቃ ሳይነካ ከተቀመጠ በኋላ ዘንበል ተደርጎ ይታያል። ክፍሉ በጣም ቀዝቃዛ ከሆነ ግን የጤነኛ ሰው ደም ራሱ ዘግይቶ ሊረጋና ሕመም ያለበት ሊመስል ይችላል።

ስለዚህ የላቦራቶሪው ውጤት ከሕመምተኛው ሙቀት ጋር አብሮ ሊነበብ ይገባል። ለቀዘቀዘ ሕመምተኛ ብርድ ልብስና በደም ሥር የሚሰጥ የሞቀ ፈሳሽ የሕክምናው አካል ናቸው። በክፍል ውስጥ «ልኬት ያለ ሁኔታው ትርጉም የለውም» የምንለው እዚህ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው።