ለማን ላመልክት?

ሁምቦ ወረዳ፣ ጠበላ ከተማ ወዳለው ቢሮዬ የሚመጡ እናቶች ብዙ ጊዜ አንድ ፌስታል ይዘው ነው። ውስጡ ፎቶግራፍ፣ አንዳንዴም የፍርድ ቤት ውሳኔ ቅጂ ይኖራል። ባለፈው ሳምንት የመጡት እናት ፎቶውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አድርገው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። «ልጄ፣ ለማን ላመልክት?» አሉኝ። ልጃቸው በጉዲፈቻ አሜሪካ ሲሄድ አራት ዓመቱ ነበር፤ ዛሬ ሃያ ሁለት ሆኖታል። እሳቸው የገባቸው ተምሮ እንደሚመለስ ነው።

ይህን ካለመማር የመጣ ነው የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። እኔ አልስማማም። በአገራችን ልጅ ዘመድ ቤት ስላደገ ከእናቱ አይቆረጥም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ትስስር እንደሚቀጥል ይደነግጋል። የወሰደው አገር ሕግ ግን ያንን ትስስር ይበጥሰዋል። እኚህ እናት በጣታቸው የፈረሙበት ወረቀት እዚህና እዚያ የተለያየ ትርጉም ነበረው፤ የተነገራቸው አንዱ ብቻ ነው።

ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ሄደዋል፤ ብዙ ልጆች ከሄዱባቸው አካባቢዎች አንዷ የእኛዋ ወላይታ ናት። በፍቅር ያደጉ አሉ። እናት እያላቸው «ወላጅ አልባ» ተብለው የተመዘገቡም አሉ።

መንግሥት በጥር 2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1070 የውጭ ጉዲፈቻን ከለከለ። ደግ አደረገ። አዋጁ ግን ገና ያልሄዱትን ነው ያስቀረው፤ የሄዱትን የሚፈልግ ሰው የት እንደሚሄድ አይናገርም።

አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2021 በእናቶችና ሕፃናት ማቆያዎቿ ለተፈጸመው በደል በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቀች። በዓመቱ ደግሞ በጉዲፈቻ የተሰጡት ልጆች የልደት መረጃቸውን የማግኘት መብት በሕግ ተሰጣቸው፤ ቤተሰብ የሚያፈላልግ አገልግሎትም ተቋቋመ። ለእኔ ከይቅርታው ይልቅ የሁለተኛው ዓመት ሥራ ይበልጣል። እኛም ከተዘጉት ማሳደጊያዎች መዝገቡን ሰብስበን፣ ወላይትኛ የሚናገር ሠራተኛ ያለበት አንድ ቢሮ ብንከፍት እመኛለሁ። እስካሁን ካሳ የጠየቀችኝ እናት የለችም። ሁሉም የሚጠይቁኝ «በሕይወት አለ?» ብለው ነው።

የእኚያን እናት የፍርድ ቤት ውሳኔ ቅጂ አስቀረሁ። ሰነዱ ላይ ያለው ስም እሳቸው ያወጡለት አይደለም። ያወጡለትን ነገሩኝ፤ ከጎኑ ጻፍኩት።