ደረቅ ቼክ ሲመለስ ካሳውን የሚከፍለው ማነው?



በዚህ ዓምድ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ታክሲ ሰልፍና ስለ ውሃ መጥፋት ብዙ ሲጻፍ አነባለሁ። እኔ ግን ዛሬ ብዙዎቹን የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼን ሊነካ ስለሚችል አንድ ነገር፣ ይኸውም ስለ ደረቅ ቼክና ፍርድ ቤት ስለሚያዝዘው ካሳ ጥቂት ለመጻፍ ስለምወድ ቦታ እንድትሰጡኝ በትሕትና እለምናለሁ።

የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ የቼክ ደብተር እምብዛም የለውም፤ ደመወዙ ገብቶ ሳያድር ይወጣልና። ነገር ግን ከመካከላችን በሌላ ሒሳብ ላይ የሚፈርመው ስንቱ ነው! አንዱ የሠራተኞች የገንዘብ ቁጠባና ብድር ማኅበር ሹም ነው፤ ሌላው የሰፈሩ ዕድር ገንዘብ ያዥ ነው፤ ሌላውም ጡረታ ከወጣ በኋላ ዘመዱ ባቋቋመው የግል ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ተብሎ ይፈርማል። እኔ ከሁለተኞቹ ነኝ። ባለፈው ክረምት ሊቀ መንበራችን፣ «ሰው በሞተ ቁጥር እርስዎን ፍለጋ ከምንሯሯጥ፣ ሦስት ቅጠል ባዶውን ፈርመው ቢሰጡኝ ምን አለበት?» አሉኝ። ሽማግሌ ስለሆኑ እንቢ ማለት ከበደኝና ፈረምሁ። ከሦስቱ አንዱ ለድንኳን ሰፊ ተከፍሎ ኖሮ፣ በሒሳቡ ላይ ያለው ገንዘብ ስላልበቃ ከባንክ ተመለሰ። ሰውየው ቼኩን ይዞ የመጣው ወደ ሊቀ መንበሩ ሳይሆን ወደ እኔ ነው። ምክንያቱን ብጠይቀው፣ «የእርስዎ ፊርማ ይነበባል» አለኝ።

ገንዘቡ በሳምንቱ ከአባላት ተዋጥቶ ተከፈለ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕጉን ሳገላብጥ ከረምሁ።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን ስለዚህ ነገር በቁጥር 693 ይናገራል። ሕግ ዐዋቂዎች «ስንቅ የሌለው ቼክ» ይሉታል፤ ስንቅ ሳይዙ መንገድ መጀመር ማለት ነውና ስሙ ደስ ይላል። ገንዘብ እንደሌለ እያወቀ ቼክ ያወጣ ሰው በቀላል እስራት፣ ነገሩ ከበድ ካለም እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራትና በመቀጮ ይቀጣል። በቸልተኝነት ያደረገውም ቢሆን ከቅጣት አያመልጥም። «እኔ ሳላይ ፈርሜ ነው» የሚል ሰው እንግዲህ ራሱን ነጻ ያወጣ እየመሰለው ቸልተኝነቱን መመስከሩ ነው።

ይሁን እንጂ የፈረመው ሰው ወኅኒ ቢወርድ ለድንኳን ሰፊው ምን ይጠቅመዋል? መቀጮውም በመሠረቱ የመንግሥት ገቢ ነው። የተጎዳው ሰው ገንዘቡን የሚያገኘው ሲጠይቅ ነው። በዚሁ ሕግ ቁጥር 101 የካሳ ጥያቄውን ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምሮ ሊያቀርብ ይችላል፤ ወይም ደግሞ በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 284 መሠረት በአጭር ሥነ ሥርዓት የሚታይ ክስ ያቀርባል። በዚህ ሁለተኛው መንገድ ተከሳሹ መከላከያ ለማቅረብ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ስላለበት ነገሩ ቶሎ ይቆረጣል። ብዙ ሰው ግን ፖሊስ ጣቢያ ካመለከተ ሁሉ ያለቀ ይመስለዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እመጣለሁ። ቼኩ የማኅበር ወይም የኩባንያ ሲሆን፣ ካሳው የሚወጣው ከማን ኪስ ነው? ከፈራሚው ወይስ ከድርጅቱ?

ይህን ጥያቄ የሕንድ አገር ፍርድ ቤቶች በቅርቡ አብላልተውታል። ሕንዶች የሚተላለፉ የገንዘብ ሰነዶችን የሚመለከተውን የ1881 ሕጋቸውን በ2018 (በአውሮፓ አቆጣጠር) አሻሽለው ቁጥር 143ሀ የሚባል አንቀጽ ጨመሩበት። በዚህ መሠረት ክርክሩ ገና ሳያልቅ ዳኛው፣ ቼኩን ያወጣው ወገን ከቼኩ ገንዘብ ከመቶ እስከ 20 የሚደርስ ጊዜያዊ ካሳ በ60 ቀን ውስጥ እንዲከፍል ሊያዝዝ ይችላል፤ በቂ ምክንያት ከታየም 30 ቀን ይጨመርለታል። ተከሳሹ በመጨረሻ ነጻ ከወጣ ከሳሹ የተቀበለውን ከነወለዱ ይመልሳል። ታዲያ አንዳንድ ከሳሾች ካሳው ከኩባንያው ብቻ ሳይሆን ቼኩን ከፈረመው ሹም ጭምር ይከፈለን ብለው ተከራከሩ። የቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2023፣ የአገሪቱም ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2024 አይሆንም አሉ። ሒሳቡ የኩባንያው ነው፤ ቼኩን ያወጣውም ኩባንያው ነው፤ ሹሙ እጁን ብቻ ነው ያዋሰው፤ ስለዚህ ጊዜያዊ ካሳ ከእርሱ አይጠየቅም ተባለ። ነገር ግን በዚያው ሕግ ቁጥር 141 የኩባንያውን ሥራ የሚመሩ ሰዎች በወንጀል መጠየቃቸው አልቀረም። ለመታሰር የበቃ ሰው ለመክፈል ሳይበቃ ቀረ ማለት ነው።

በእኛም አገር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2189፣ ወኪል በሥልጣኑ ልክ በሌላ ሰው ስም የሠራው ውል ወካዩ ራሱ እንደሠራው ይቆጠራል ይላል። እንዲህ ከሆነ የዕድሩ ዕዳ የዕድሩ ነው። ሆኖም ፈራሚ ሁሉ ተረጋግቶ ይተኛ ለማለት አይደለም። የውክልና ሥልጣን ሳይኖረው ወይም ከሥልጣኑ አልፎ የፈረመ ሰው ራሱን ሊያስይዝ ይችላል። እንደገናም በቁጥር 2035 የታወቀ ሕግ መጣስ ጥፋት ስለሆነ፣ ሒሳቡ ባዶ መሆኑን እያወቀ የፈረመ ሰው «ወኪል ነኝ» ብሎ ከካሳ ይድናል ለማለት እኔ አልደፍርም። ስሙ ብቻ ትልቅ የሆነ፣ ወንበርና ጠረጴዛ እንኳ የተከራየ ማኅበር አቁሞ ቼክ የሚበትን ሰው በማኅበሩ ጀርባ ሊሸሸግ አይገባውም። በዚህ ላይ የሕንዶቹን ፍርድ ሳነብ ለድንኳን ሰፊው ወገኔ ማዘኔ አልቀረም።

ጊዜያዊ ካሳ የሚለው ሐሳብ ግን መልካም ነው። ነጋዴው በቀጠሮ ብዛት ሱቁን እስኪዘጋ ድረስ ከመጠበቅ ከአምስት እጅ አንዱን እንኳ ቢያገኝ ይተነፍሳል። የእኛም ሕግ አርቃቂዎች ነገሩን ቢያስቡበት እወዳለሁ፤ የሚከፍለው ፈራሚው ይሁን ድርጅቱ የሚለውንም ለክርክር ሳይተዉ አብረው ቢጽፉት የተሻለ ነው።

እኔ በበኩሌ ለዕድሩ ጉባኤ አመልክቼ፣ ከእንግዲህ ባዶ ቅጠል እንዳይፈረም፣ ቼክ ሲጻፍም የባንኩ የሒሳብ መግለጫ ጠረጴዛው ላይ እንዲቀመጥ አስወስኛለሁ። ሊቀ መንበሩ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ሰላምታዬን የሚቀበሉት በግማሽ ዓይናቸው ነው።

አንድ የዕድር ገንዘብ ያዥ
ከአዲስ አበባ