ቲኬቱ ላይ የታተመው ሰዓት የማን ሰዓት ነው?

ከገነተ ማርያም ተነሥቶ ናይሮቢን ሊጎበኝ ያሰበ ሰው ፓስፖርቱን ካወጣና ቲኬቱን ከቆረጠ በኋላ ዋናው ጣጣ ያለቀ ሊመስለው ይችላል። ኬንያ ለኢትዮጵያውያን ጎብኚዎች ቪዛ አትጠይቅም፤ በረራውም ከአዲስ አበባ ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ይሁን እንጂ መንገደኛውን ከበረራው ሊያስቀር የሚችል ነገር እዚያው ቲኬቱ ላይ ታትሟል፤ ይኸውም ሰዓቱ ነው።

የአየር መንገድ ቲኬት፣ ከአሶሳ አዲስ አበባ የሚያደርሰውም ጭምር፣ ከእኩለ ሌሊት የሚጀምረውን የ24 ሰዓት አቆጣጠር ይከተላል። 14:30 ማለት በእኛ ከቀኑ 8:30 ነው፤ ስድስት መቀነስ ይበቃል። አስቸጋሪው የሌሊቱ ነው። ቲኬቱ «ሰኞ 01:20» የሚል ከሆነ በእኛ ከሌሊቱ 7:20 ሲሆን፣ ሌሊቱም እሑድ ለሰኞ አጥቢያ ነው። በእኛ ልማድ ሌሊቱ የሚታሰበው ካለፈው ቀን ጋር ነው፤ በቲኬቱ አቆጣጠር ግን እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ቀኑ ተለውጧል። ስለዚህ ሰኞ ማታ ቦሌ የሚደርስ ሰው የሚያገኘው ከሄደ ቀን ሊሞላው የተቃረበ አውሮፕላን ነው። ለውጭ በረራ ሦስት ሰዓት ያህል ቀድሞ መገኘት ስለሚመከር፣ ይህ መንገደኛ እሑድ ማታ 4 ሰዓት ገደማ ቦሌ መሆን፣ ከአሶሳም ቢዘገይ እሑድ በቀኑ በረራ መነሣት አለበት። ሁለቱ ቲኬቶች ለየብቻ የተገዙ ከሆነ ደግሞ ሻንጣን ከአገር ውስጥ ተርሚናል ተቀብሎ ወደ ዓለም አቀፉ ማሻገር ስለሚኖር፣ አንድ ቀን ቀድሞ መግባት ይሻላል።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም አይዘንጋ። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጋ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በጉዞው ዋዜማ መከተብ አይጠቅምም። አንዴ የተከተበ ግን ካርዱ ለዕድሜ ልክ ያገለግለዋል።

የአሶሳን ማንጎ ለዘመድ ስጦታ ይዞ መሄድ የሚያጓጓ ነው፤ ነገር ግን የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫና የማስገቢያ ፈቃድ የሌለው ፍራፍሬም ሆነ ዘር ጉምሩክ ላይ ሊወረስ ይችላል። በ2002 ዓ.ም. በምሥራቅ ወለጋ የተገኘው ነጭ ተባይ በምዕራብ ኢትዮጵያ ማንጎ ላይ ያደረሰውን ለሚያውቅ ገበሬ የጥንቃቄው ምክንያት ግልጽ ነው።

ናይሮቢ ሲደርሱ ሰዓትዎን ማስተካከል አያስፈልግም፤ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ነው። የሚገርመው፣ በስዋሂሊ ሲነጋገሩ ኬንያውያን እንደ እኛው ከንጋት ይቆጥራሉ፤ «ሳ ታቱ አሱቡሂ» ማለት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። በእንግሊዝኛ ሲናገሩ ግን ያው ሰዓት ዘጠኝ ይሆናል። ስለዚህ ቀጠሮ ሲይዙ በየትኛው እንደሆነ ይጠይቁ።

መኪኖች በግራ በኩል ስለሚሄዱ መንገድ ሲሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ይመልከቱ። ማታቱ የሚባለው ታክሲ ከእኛ ሚኒባስ ጋር ይመሳሰላል፤ ረዳቱ እየተጣራ ይጭናል፣ ብዙዎቹም የመስመር ቁጥር አላቸው። ሞምባሳ ድረስ ባሕር ለማየት የሚፈልግ በ2009 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ባቡር ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ገደማ ይደርሳል። የባቡሩ ቲኬት በበዓል ሰሞን ቶሎ ስለሚያልቅ ቀደም ብሎ መያዝ ያስፈልጋል፤ የመነሻ ሰዓቱም የሚታተመው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው።